የኬብሮን ልክ

ሶልያና መኪናውን ለሌላ ሴት አሳልፋ ሰጠች። ማንም አልነጠቃትም። በገዛ አፏ፣ ሞጆ ላይ በተጠራው ጨረታ፣ ገዢው ሁሉ እየሰማ ነው የሰጠችው። ቅናት እንዳቃጠላት አልካደችም፤ የቀናችው በማን ላይ እንደሆነ ግን የገባት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሦስት ሆነው ከሳሪስ ነጂ በሌለው መኪና፣ ሰው ሳጥን በሚለው፣ ተነሡ። ሳጥኑ እንደ ወትሮው በሩን ራሱ ከፍቶ ራሱ ዘጋ፤ ቀበቷቸውን አሰረላቸውና ነጎደ። ሳጥን ውስጥ ድምፅ ከፍ ማድረግ አይቻልም። ተሳፋሪ ከጮኸ ዳር ይዞ ይቆምና እስኪበርድለት ይጠብቃል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ባልና ሚስት መንገድ ላይ ሲጣሉ የሚጣሉት በሹክሹክታ ነው። ሶልያና ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እንጀራዋ የሳጥን ቅሬታ መስማት ነው። ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ በማልቀሷ ሳጥኑ መሀል መንገድ ያቆማት እናት ትመጣለች። ልጁ ሲስቅ የቆመበት አባት ይመጣል። ሁሉንም በትዕግሥት ትሰማለች፤ ለማንም ምንም አታደርግም። ቤት ስትገባ ደግሞ የቤቱም በር እንደ ሳጥኑ በር ነው፤ በዝግታ፣ ያለ ድምፅ፣ ራሱን ይዘጋል። ተናድዶ በር ወርውሮ የወጣ ሰው በእናቷ ወሬ እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም።

ባሏ ያፌት ከፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ከጎኑ ኬብሮን አለች፤ ያፌት ለሚያድሳቸው አሮጌ መኪኖች ወንበር የምትሰፋ፣ ሳቂታ፣ ቁመቷ መለል ያለ ሴት። ሁለቱም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ። ከተማው ውስጥ ቤንዚን የሚሸት ሌላ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ባልሽ ትራስሽ ላይ የሚተወውን ሽታ በሌላ ሴት አንገት ላይ ስታገኚው፣ ምክንያቱን ብታውቂም አይዋጥልሽም።

"ፍሪሲዮኑን አትርሺ፣" አለ ያፌት። "ቀስ ብለሽ ነው የምትለቂው። ከወረወርሽው ይዘላል።"

"ለእሷ ንገራት፤ ከመኪናው ጋር የምትውለው እሷ ናት፣" አለች ሶልያና በሹክሹክታ።

"ኧረ ሶሊ!" አለች ኬብሮን እየሳቀች። "እኔ መርፌና ክር ነኝ። መሪውን የነካሁት አቧራ ስጠርግ ነው።"

"ዘጠኝ ዓመት የሚጠረግ አቧራ?"

ሳጥኑ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሦስቱም አፋቸውን ዘጉ። ሳጥኑ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ መንገዱን ቀጠለ።

መኪናው ሙስታንግ ነው፤ የአሜሪካ ሥሪት፣ ሁለት በር፣ ኮፈኑ እንደ ጉማሬ አፍንጫ የረዘመ። ያፌት ያገኘው አዳማ፣ ከአንድ የሞተ ነጋዴ ግቢ፣ ዶሮ ሲያድርበት ነበር። ፈታው፣ ዝገቱን ፋቀ፣ የጠፋውን ዕቃ ራሱ ቀጥቅጦ ሠራ፣ መልሶ ገጠመው፣ የሰናፍጭ ቀለም ቀባው። እሱ ይህን ሲያደርግ ሶልያና ሁለት መሥሪያ ቤት ቀየረች፣ እናቷን ቀበረች። ስለ ልጅ ስታነሣ "ከጨረታው በኋላ" ይላታል። ስለ ቤት ስታነሣም "ከጨረታው በኋላ"። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰጣት አንድ ነገር ቢኖር ተስፋ ነው፦ "የምትነጂው አንቺ ነሽ።"

ይህ ቀላል ተስፋ አልነበረም። ሰው መንዳት ካቆመ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚሸጠው በሁለት መንገድ ነው። ልክ ካለው መኪና ነው፤ ልክ ከሌለው ቅርፅ ነው። ልክ አለው የሚባለው ወንበሩ፣ መሪው፣ ፔዳሉና ስፖኪዮው በሕይወት ባለ በአንድ ሰው ቁመና ተስተካክለው ሲበየዱ ነው። ያ ሰው በጨረታው ዕለት ጫማውን አውልቆ ይቀመጥበታል። እጅና እግሩ በትክክል ካረፉ መኪናውን በገዢዎች ፊት አንዴ ይነዳል፤ በዕድሜው የሚነዳው ያችን አንዴ ብቻ ነው። ካላረፉ ሞተሩ ውስጥ ሙጫ ይፈስበታል። ሙጫው ከደረቀ በኋላ መኪናው ለሆቴል መግቢያ ጥሩ ጌጥ ይወጣዋል።

ሶልያና የተለካችው እንደተጋቡ ነው። ወደ ጋራዡ የሄደችው በወፍራም ሶል ጫማዋ ነበር፤ ሰፊ ሱሪዋ እስከ መሬት ወርዶ ሸፍኖታል። ሌላ ጫማ አድርጋ እዚያ ሄዳ አታውቅም። በዚያ ጫማ ከኬብሮን ጋር ዓይን ለዓይን ትተያያለች፤ ያለ እሱ የሚታያት የኬብሮን አገጭ ነው። የኬብሮንን ቁመት በዓይኗ ይዛ፣ መርካቶን ዞራ ዞራ የመረጠችው ጫማ ነው። ያፌት ግድግዳ አስደግፎ አቆማት፤ ሜትሩን ከአናቷ ላይ ያዘ፣ ኬብሮን ደግሞ ቁጢጥ ብላ ከእግሯ ሥር ያዘች።

"ቀጥ በይ፤ አትንጠራሪ፣" አላት ያፌት።

ኬብሮን ከታች ቀና ብላ አየቻትና ሳቀች። "እኩል ነን እኮ!"

ሶልያና ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች።

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። ልክ ሰው ከዕለቱ በፊት አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ "ለምዶት ነው እንጂ ልኩ አይደለም" ይባላል። የተለማመደችው ቤቷ ሳሎን ውስጥ ነው። ያፌት ሦስት የእንጨት ፔዳል ሠራላት፤ መሪው የድስት ክዳን ነበር። ማታ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ክዳኑን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትጠመዝዛለች፤ ኬብሮን አንዳንዴ መጥታ ጥግ ላይ ሆና ቆዳ እየሰፋች ታያታለች። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ይህን ሲሰሙ "ወይ ፍቅር!" አሉ። ሶልያና ፍቅር መሆኑን እርግጠኛ አልነበረችም። ግን ያ መሪ የእሷ ነው። ከዚያ ጋራዥ የእሷ የሆነ ሌላ ነገር የለም።

ሞጆ ሲደርሱ ድሮ የጭነት መኪና ይሰለፍበት የነበረው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። ገዢዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ልብሳቸው ነጭ፣ እጃቸው ለስላሳ። አብዛኞቹ የሞተር ድምፅ የሰሙት እዚሁ ጨረታ ላይ ነው። ከሞተሩ ይልቅ ግን የሚወዱት የበሩን ድምፅ ነው። ዋጋ መጥራት ከመጀመሩ በፊት አጫራቹ "በር!" ብሎ ይጮኻል፤ ሜዳው ፀጥ ይላል፤ አንድ ሰው የመኪናውን በር በእጁ ይዘጋል፤ ገዢዎቹም ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የብረት በር በሰው እጅ ሲዘጋ የሚሰማበት ሌላ ቦታ አልቀረም።

ከእነሱ በፊት የቀረበችው ቮልስ ወደቀች። ልክ ሰውዬው ከተለካ በኋላ ወፍሯል፤ ቢገፉት ቢያስተነፍሱት ሆዱ ከመሪው ሥር አልገባ አለ። "ትንሽ ቆዩ፣ ቁርስ በልቼ ነው!" እያለ ይለምናል። ሙጫ ደፋኙ ባልዲውን ይዞ መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ አፈሰሰ። ሙጫው ሲወርድ እንደ ማር ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆመ። ያፌት ያን እያየ ላብ በላብ ሆነ፤ የሶልያናን እጅ ያዘ። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደያዛት አስታወሰች፤ ሠርጋቸው ላይ ነበር።

ልክ ተመልካቿ ወይዘሮ ሄርሜላ ይባላሉ። መንጃ ፈቃድ ከነበራቸው የመጨረሻዎቹ ሰዎች አንዷ ናቸው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው ከላዩ አሻግረው ያያሉ።

"የማን ልክ ነው?" አሉ።

"የባለቤቴ፣" አለ ያፌት።

"ጫማሽን አውልቂና ግቢ፣ ልጄ።"

ሶልያና ጫማዋን አውልቃ ከመኪናው ጎን አስቀመጠችና ገባች። ወንበሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ የኬብሮን ስፌት ከጀርባዋ ይቆረቁራል። እጇን ወደ መሪው ዘረጋች። ክርኗ ተገተረ። እግሯን ወደ ፍሪሲዮኑ ሰደደች። በጣቷ ጫፍ ነካችው እንጂ መርገጥ አልቻለችም። ወደ ስፖኪዮው ቀና አለች። የኋላው መስታወት አይታይም፤ የሚታየው የመኪናው ጣሪያ ነው።

"ርገጪው እስቲ፣" አሉ ወይዘሮ ሄርሜላ።

ተንሸራትታ ረገጠችው። አገጯ መሪው ሥር ገባ።

"አልደረሰም።"

"እንደገና ትሞክር፣" አለ ያፌት። ፊቱ አመድ መስሏል። "አስተካክለሽ ተቀመጪ፣ ሶሊ። ጀርባሽን ደገፍ አድርጊ።"

"ደግፌያለሁ።"

ያኔ ነው ሶልያና ከመስኮቱ ውጪ ያየችው። ኬብሮን ቆማለች፤ ረጅም ክንዷን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ረጅም እግሯን አነባብራ። ሶልያና የተገተረባትን ክርን፣ ያልደረሰችበትን ፔዳል፣ ጣሪያ የሚያሳየውን ስፖኪዮ አንድ በአንድ በዚያ ቁመና ላይ አስቀመጠቻቸው። ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ዘጠኝ ዓመት ሆዷ ውስጥ ሲብላላ የነበረው ነገር አሁን ምስክር አገኘ።

"የኔ ልክ አይደለም፣" አለች፤ ሜዳው ሁሉ ሰማት። "የእሷ ነው። የኬብሮን።"

"ምን?" አለች ኬብሮን።

"ግቢና ተቀመጪ። ባሌ ለማን እንደሠራው ሰው ይይ፣" አለችና በባዶ እግሯ ወረደች።

ገዢዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዳንዶቹ ለማየት ወደ ፊት ተጠጉ። ወይዘሮ ሄርሜላ ኬብሮንን በእጃቸው ጠሯት። ኬብሮን ያፌትን አየች፣ ሶልያናን አየች፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች። እጆቿ መሪው ላይ አረፉ። እግሯ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠው። ዓይኗ ከስፖኪዮው ጋር ገጠመ። ወይዘሮ ሄርሜላ ጎንበስ ብለው ጉልበቷን፣ ክርኗን፣ ቅንድቧን አዩ።

"ደርሷል። ጠብ አይልም።" ቀና አሉና ወደ ያፌት ዞሩ። "አሁን አንተ ትመልስልኛለህ። ከመጀመሪያው ለእሷ ሠርተኸው ከሆነ ልክ ነው፣ ያልፋል። ለሚስትህ ለክተህ ተሳስተህ ከሆነ ግን የተሳሳተ ልክ ልክ አይደለም፣ ይደፈናል። ለማን ነው የሠራኸው?"

ሶልያና ጠበቀች። "ለሶልያና ነው" እንዲል ጠበቀች። ውሸቱን ቢሆንም እንዲል ፈለገች።

ያፌት ግን እሷን አላያትም። ዓይኑ ያረፈው ከመኪናው ጎን ባስቀመጠችው ጫማዋ ላይ ነው። ሶሉን አየው። ከዚያ ባልዲውን ይዞ የቆመውን ሙጫ ደፋኝ አየ።

"ለኬብሮን፣" አለ። "ከመጀመሪያውም ለኬብሮን ነው።"

ገዢዎቹ መሀል ሳቅና ፉጨት ተነሣ። ሶልያና መጀመሪያ የተሰማት ዕረፍት ነው፤ እውነቷን ነበር። ያበደች አይደለችም።

በደንቡ መሠረት ወንበሩን የለቀቀ ሰው ከነጂው ጎን ተቀምጦ ይሸኛል፤ ያለ ጠብ መልቀቁ የሚታየው በዚህ ነው። ሶልያና ጫማዋን አንስታ በሌላው በር ገባችና ጭኗ ላይ አደረገችው። ያፌት በሩን ቀስ ብሎ፣ እንደ እንቁላል፣ ገጠመላት። ኬብሮን ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁ ወንበሩን አልፎ የሶልያና አንጀት ውስጥ ገባ። ኬብሮን ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች። አልዘለለም።

"ማን አስተማረሽ?" አለች ሶልያና።

"በድስት ክዳን ሲያስተምርሽ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አልነበር?" አለች ኬብሮን። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። "ሶሊ፣ የተናገረው ውሸት ነው። ለኔ አልሠራውም።"

"በጆሮዬ ሰማሁት እኮ።"

"ጫማሽን አየው። ያኔ ገባው። በጫማ ነው የተለካችው ቢል ሞተሩ ይደፈናል። ስለዚህ የኬብሮን ነው አለ።"

ሶልያና ጭኗ ላይ ያለውን ጫማ አየችው። ቀስ ብሎ ነው የገባት። ያን ቀን ከኬብሮን እኩል ለመሆን ቆመች፤ ቁመቷን ከኬብሮን ቁመት ጋር አስተካክላ አስለካች። መኪናውን ለኬብሮን ልክ ያደረገችው ራሷ ናት። ያፌትስ? የካንዴላውን ክፍተት በጣቱ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው፣ ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ አብራው የተኛችው ሴት ምን ያህል እንደምትረዝም አያውቅም። ሲገባው ደግሞ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሚስቱን ከማዋረድና ሞተሩን ከማስደፈን አንዱን መረጠ። ለመምረጥም ብዙ አልፈጀበትም።

"አንቺስ?" አለች ሶልያና በድንገት። "ሜትሩን ከእግሬ ሥር የያዝሽው አንቺ ነሽ።"

ኬብሮን ማርሽ ቀየረች።

"አይተሽ ነበር?"

"ዓይን አለኝ እኮ።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ስሰፋ ጣቴ ደምቶ ሳለ፣ 'ሶሊ እዚህ ጋ ትደገፋለች፣ ሶሊ እዚህ ጋ ትይዛለች' ሲለኝ ምን የምሆን ይመስልሻል? 'አንቺስ መንዳት አያምርሽም?' ብሎ አንድ ቀን እንኳን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ሰው ነኝ።"

"ሌባ!" ብላ ጮኸች ሶልያና።

"በሶል የቆምሽ!" ብላ ጮኸች ኬብሮን።

ሁለቱም ደንግጠው መኪናው እስኪቆም ጠበቁ። አልቆመም። ለጩኸት የሚቆም መኪና አይደለም። ስለዚህ እንደገና ጮኹ፤ ሶልያና የማታውቀውን ስድብ ሁሉ አወጣች፤ ኬብሮንም እየነዳች መለሰችላት። ከውጪ የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነበር። ገዢዎቹ አጨበጨቡ።

ሜዳውን ዞረው ሲመለሱ ኬብሮን ፍሬን ያዘች። ጉንጯ ላይ እንባ አለ፤ ከንፈሯ ግን ይስቃል። ሶልያና ያን ፊት አየችውና ቀናች፤ አሁንም፣ ይህን ሁሉ ካወቀች በኋላም ቀናች።

ሙጫ ደፋኙ ከመኪናው ፊት ለፊት፣ ባልዲውን መሬት አስቀምጦ ቆሟል። ለወይዘሮ ሄርሜላ አንድ ቃል መናገር ይበቃ ነበር፦ "በጫማ ነው የተለካሁት።" ሶልያና ቃሉን አፏ ውስጥ አገላበጠችው። ከዚያ ግን የቮልሷን ባለቤት፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ የቆመውን ሰው አየችና ዋጠችው። ይህ ሞተር ከሞተ ያፌት ዕድሜ ልኩን ያለቅስለታል፤ ሬሳውን ሳሎን ያስገባዋል። በሕይወት ያለ ጣውንት፣ መኪና ከሆነ፣ ይሸጣል፣ ይሄዳል። የሞተ ጣውንት ከቤት አይወጣም።

ያፌት መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። እጁ የበሩን ጠርዝ ይዳብሳል።

"ሶሊ፣" አለ በሹክሹክታ፣ ሳጥን ውስጥ ያለ ይመስል። "ይገባሻል አይደል? ምን ምርጫ ነበረኝ? ሞተሩ እኮ... ቤት ስንገባ እናወራዋለን።"

"ቁመቴ ስንት ነው፣ ያፌት?"

ዓይኑ ወደ ጭኗ፣ ወደ ጫማው ወረደ።

"በር!" አለ አጫራቹ።

ሜዳው ፀጥ አለ። ገዢዎቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያፌት በሩን በዝግታ ከፈተላትና የመዝጋቱ ተራ የእሱ ስለሆነ እጁን እጀታው ላይ አቆየ። ሶልያና ጫማዋን አጠለቀች። ወርዳ ቆመች። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከእጀታው ላይ አነሣችለት። እናቷ በወሬ ብቻ የነገረቻትን ነገር ክንዷ ከየት እንደተማረው አታውቅም። በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወገቧን አዙራ፣ ወረወረችው።

ድምፁ ከአጥር እስከ አጥር ሄደ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ ኬብሮን ውስጥ ሆና ብድግ አለች። የገዢዎቹ እጆች ዋጋ ለመጥራት እየተሽቀዳደሙ ተነሡ።

"ድገሚው!" አለ አንዱ።

አልደገመችም።